የእማዬ እግርና ከጀርመን የመጣው እንክብል

ስለ እማዬ እግር ጥያቄውን እዚህ መድረክ ላይ የለጠፍኩት በክረምት፣ ማክሰኞ ማታ ነበር። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። መብራት ሄዶ መጥቷል። እማዬ እግሯን ከብርድ ልብሱ ውጭ አውጥታ ትገላበጣለች። ሌሊት ሌሊት እግሯ ይነዳል። አንሶላ ሲነካት እንኳ ይለበልበኛል ትላለች። ቀን ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ ይደነዝዛታል። ባለፈው ከሂርማታ ገበያ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ነጠላ ጫማ አድርጋ መጣች። ሌላኛው ጭቃ ውስጥ ሲቀር አላወቀችም። እኛ ሳቅን፣ እሷም ሳቀች። ያ ሳቅ አሁን ትንሽ ያሳፍረኛል።

ስኳር ከተገኘባት 11 ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ ትውጣለች። ጀርመን ያለው ወንድሜ ችግሯን ሰምቶ በሰው እጅ አንድ ጠርሙስ ላከ። አልፋ ሊፖይክ አሲድ ይላል፣ 600 ሚሊግራም፣ 60 ፍሬ። አንቲኦክሲደንት ነው፣ እዚህ አገር ሐኪሞቹ ራሳቸው ለስኳር ነርቭ ይሰጡታል አለኝ። እማዬ ጠርሙሱን ቡፌው ላይ ከሥዕለ ማርያም አጠገብ አስቀመጠችው። እኔ ደግሞ ሦስት ነገር ጠየቅኩ። ይሄ ነገር ለእግር ማቃጠል ይሠራል ወይ? የሞከረ አለ ወይ? ከምትወስደው መድኃኒት ጋር ይጋጫል ወይ? ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ተኛሁ።

ጠዋት 14 መልስ ጠበቀኝ። ዛሬ 46 ደርሷል። መሃል ላይ ስለ ቡና የተነሳ ጸብ ስለገባበት አዲስ የሚመጣ ሰው የሚጠቅመውን ለይቶ ማግኘት አቅቶታል። በየሳምንቱ በውስጥ መስመር ያንኑ የሚጠይቀኝም በዝቷል። ስለዚህ መልሶቹን በቁጥር በቁጥር ልተርክ።

ቁጥር 1 እና 2 ምርቃት ናቸው። አንዱ በእግዚአብሔር፣ ሌላው በአላህ። ሁለቱንም አሜን ብያለሁ።

ቁጥር 3 ከአጋሮ የጻፈች ሴት ናት። አባቷ ይሄንኑ እንክብል ሁለት ወር ወስደው እንቅልፍ እንደተኙ፣ እንደገና መስጊድ በእግራቸው መሄድ እንደጀመሩ ጻፈች። ደስ የሚል አጻጻፍ አላት። አንብቤ ስጨርስ እንክብሉን ለእማዬ ልሰጣት ተነስቼ ነበር። ቁጥር 4 የት እንደሚገኝ ጠየቀ። መልስ አላገኘም።

ቁጥር 5 ባለባጃጅ ነው። በሙቅ ውኃና ጨው መዘፍዘፍ፣ ከቻልኩ ጤና አዳም ጣል ማድረግ እንዳለብኝ መከረኝ። አማቱ በዚያ እንደዳኑ ማለ። ይሄ ምክር በኋላ ብዙ ጣጣ አምጥቷል፣ እመለስበታለሁ። ቁጥር 6 ከቴፒ ነው። እርድ የሚበቅለው በእነሱ አገር ስለሆነ መድኃኒቱ እጃችን ላይ እያለ ከጀርመን ማስመጣቱ አላዋጣውም። እርድ፣ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድና አብሽ አንድ ላይ ተፈጭተው በባዶ ሆድ። ለመጠኑ ማንኪያ እንኳ አልጠቀሰም።

ቁጥር 7 ላይ የመልሶቹ ክር ቁም ነገር ጀመረ። ጸሐፊው ፋርማሲስት ነኝ ብሏል። አክባሪ ሰው ነው፣ እማዬን እናታችን እያለ ነው የጻፈው። ነገሩን በምድጃ አስረዳ። ምድጃ ውስጥ ከልክ በላይ እንጨት ሲከመር ቤቱ በጢስ ይሞላል። በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛም ሴሎች ሲያቃጥሉት ጎጂ ጢስ ያወጣሉ። ጢሱ የሚያበላሸው ነርቭንና ነርቭን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። መጀመሪያ የሚጎዳው ረጅሙ ነርቭ ስለሆነ ችግሩ ከእግር ጣት ይጀምራል። አንቲኦክሲደንት ማለት መስኮት መክፈት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ሐኪሞችም በዚህ ምክንያት ነው የሞከሩት። ግን እንጨቱ ካልተቀነሰ መስኮቱ ብቻውን ምን ያህል ይሠራል? እሱ ራሱ ጥያቄውን አንጠልጥሎት ሄደ። ሲወጣ ግን አንድ ነገር ጣል አደረገ፦ እንክብሉ ከተወሰደ ከምግብ በፊት ይሁን፣ ምግብ መመጠጡን ይቀንሰዋል፤ ስኳርም ሊያወርድ ስለሚችል ልኬቷ አይዘንጋ።

ቁጥር 8 ከጀርመን የምትጽፍ አበሻ ናት፣ አረጋውያን ቤት ትሠራለች። ወንድሜ እንዳልዋሸ መሰከረች። እዚያ ለረጅም ዓመታት ሲታዘዝ ቆይቷል፣ አንዳንዴም በደም ሥር በጠብታ ይሰጣል። ግን ተአምር እንዳልጠብቅ፣ ከምትንከባከባቸው አንዳንዶቹ ተውት፣ አንዳንዶቹ ያለሱ አንተኛም እንደሚሉ አከለች።

ቁጥር 9 ነርስ ናት። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ስለ እንክብሉ አንድ ቃል የለም። ይልቅ እኔን ትጠይቃለች። ሜትፎርሚን ስንት ዓመት ሆናት? መጠኑ ስንት ነው? ትጾማለች ወይ? ቫይታሚን ቢ 12 ተለክታ ታውቃለች? በዚህ ዓመት እግሯን ካልሲ አስወልቆ ያየ ሰው አለ? እኔ ስለ ጠርሙሱ ነው የጠየቅኩት ብዬ ቆጣ ያለ መልስ ጽፌ አጠፋሁት። ሳላጠፋው የቀረሁ መስሎኝ ለሁለት ሰዓት ተሳቅቄያለሁ።

10 ላይ ነጋዴው መጣ። ካፕሱል ከዱባይ ያስመጣል። በ30 ቀን ነርቭ ያጥባል፣ ሜትፎርሚኑን ወዲያ መጣል ነው፣ ስልክ ቁጥሬ ይሄው። 11 ላይ ነርሷ ተነሳችበት። ያ ጨዋ አጻጻፏ የለም። መድኃኒታቸውን ጥለው ራሳቸውን ስተው በባጃጅ የሚመጡ ሰዎችን የሚቀበለው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። 12 ላይ እሱ ሐኪሞች በሽተኛ እንዲድን አይፈልጉም ብሎ መለሰ፣ 13 ላይ አንድ ሰው ከዚህ በፊት ያንኑ ካፕሱል ለጨጓራም ለፀጉርም ሲሸጥ የለጠፈውን ማስታወቂያ አምጥቶ አስቀመጠበት። አስተዳዳሪው ስልክ ቁጥሩን ሰረዘ። የሚገርመው የሚሸጠው ነገር ወንድሜ ከላከው ጋር አንድ ነው። ያው አሲድ፣ ያው 600። ወንድሜ ስለላከው ግን መድኃኒት መስሎኝ ነበር።

ቁጥር 14 የፋርማሲ ተማሪ ነው፣ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ። ቁጥር ስለሚወድ ወደድኩት፤ እኔም የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የጻፈውን በራሴ አባባል ላስቀምጠው።

በ1995 የወጣ የጀርመን ጥናት አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ 328 ሰው። በደም ሥር ለሦስት ሳምንት ሲሰጣቸው ማቃጠሉና ውርሩ ቀነሰ። በ2006 ደግሞ 181 ሰዎች በአፍ ለአምስት ሳምንት ወሰዱ። በቀን 600 የወሰዱት የስሜት ምልክታቸው በ51 በመቶ ቀነሰ። 1200 እና 1800 የወሰዱት ከዚያ የተሻለ አላገኙም፣ ማቅለሽለሹ ግን በዛባቸው። እዚህ ድረስ ሰው ይደሰታል። ነገር ግን በዚያው ጥናት ምንም የሌለበት ባዶ እንክብል የዋጡትም በ32 በመቶ ተሽሏቸዋል። ስለዚህ የእንክብሉ የራሱ ድርሻ 51 ሳይሆን በመሃል ያለው 19 ነው። የአጋሮዋን ልጅ አባት አሰብኩ። አልዋሹም። ተሽሏቸዋል። የተሻላቸው በምን እንደሆነ ግን ከአንድ ሰው ማወቅ አይቻልም።

ቀጥሎ ረጅሙ መጣ። በ2011 የታተመው፣ 460 ሰው፣ 4 ዓመት፣ በቀን 600። አንዳንድ የነርቭ ምርመራ ላይ ጥቂት መሻሻል ታየ፣ ዋናው መለኪያ ላይ ግን ከባዶው እንክብል ጋር ልዩነት አልተገኘም። በ2024 መጀመሪያ የወጣው፣ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ቡድን ግምገማ ደግሞ ቢያንስ 6 ወር የቆዩትን ጥናቶች ብቻ ለቅሞ አየ። ስድስት ወር ላይ በምልክቶቹ ላይ ያለው ለውጥ ትንሽ ወይም ምንም ሳይሆን አይቀርም አለ። አምስት ሳምንት ላይ ደምቆ የታየው ስድስት ወር ላይ ደበዘዘ ማለት ነው።

ለሌሎቹ አንቲኦክሲደንቶችም ቸር አልነበረም። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች ላይ ተደርጎ በ1994 የወጣውን ጥናት ጠቀሰ። ካሮት ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን በእንክብል የወሰዱት የሳንባ ካንሰር ቀነሰላቸው ሲባል በ18 በመቶ ጨመረባቸው። ካሮት መብላት ሌላ፣ ካሮቱን ጨምቆ እንክብል ማድረግ ሌላ። ቁጥር 15 ይሄን አንብቦ ካሮት ማብላት ላቁም ወይ ብሎ ጠየቀ። አታቁም ተባለ።

በዚያ ምሽት ለነርሷ መልስ ሰጠሁ፣ 16 ነው። ሜትፎርሚን 11 ዓመት፣ በቀን 2000 ሚሊግራም። ጾም፣ ኡ! እማዬን አታውቋትም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት፣ ረቡዕና ዓርብ። የፍስኩም ቀን ሥጋ ካላስገደድናት አትበላም። ቢ 12 የሚባል ምርመራ ሰምታም አታውቅ። እግሯን ያየ ሰው? የምትታይበትን ቦታ ስም አልጠራም። በ11 ዓመት ውስጥ ጫማሽን አውልቂ ያላት እንደሌለ ግን ጠይቄ አረጋገጥኩ።

ነርሷ በ17 አስረዳች። ሜትፎርሚን ሲቆይ ቢ 12 ከምግብ በደንብ እንዳይመጠጥ ሊያደርግ ይችላል፣ መጠኑና ዓመቱ ሲጨምር አደጋውም ይጨምራል። ቢ 12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው። የቢ 12 እጥረት ራሱ እግር ያደነዝዛል፣ ያቃጥላል፣ ሚዛን ያስታል። ከስኳሩ ጉዳት በስሜት ብቻ ለይቶ ማወቅ አይቻልም፣ ሁለቱ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። ልዩነቱ የአንዱ መድኃኒት ርካሽ መርፌ መሆኑ ነው። ቶሎ ካልተያዘ ግን የማይመለስ ጉዳት ይተዋል።

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። እናትህ ዓይኗን ትጨፍን። በጣትህ ጫፍ፣ ሳትጫን፣ አውራ ጣቷን፣ መካከለኛውንና ትንሿን ጣት አንድ ሁለት ሰከንድ ንካ። ሁለቱም እግር፣ በድምሩ ስድስት። ሲሰማት ትንገርህ። ሁለትና ከዚያ በላይ ካመለጣት እግሯ ስሜት አጥቷል።

እማዬ ዱካው ላይ ተቀመጠች። እኔ መሬት ላይ። ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። የቀኝ አውራ ጣቷን ነካሁ። ዝም። መሃለኛውን ነካሁ። ዝም። ትንሿን ነካሁ።

«ምን ትጠብቃለህ? ጀምር እንጂ» አለችኝ።

ከስድስት አራቱ አመለጧት። ከዚያ ነርሷ እንዳዘዘችው በስልኬ መብራት ታቹን አየሁ። በግራ እግሯ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ ጥፍር የምታህል ጉድጓድ አለች። ዙሪያዋ ቀልቷል፣ መሃሏ ተልጧል። የጫማዋን ውስጥ ሳራግፍ አንዲት ጥሬ ቡና ኮለል ብላ ወጣች። እማዬ ለሰፈሩ ቡና እየለቀመች ትሸጣለች። ስንት ቀን እንደረገጠቻት አናውቅም። በቡና አገር ኖሮ ቡና አቆሰለኝ ብላ ቀለደች። እኔ አልሳቅኩም።

ይሄን 18 ላይ ስጽፈው ክሩ ለአንድ ቀን ጭር አለ። 19 አጎቱ ከአንዲት ሚስማር ተነስቶ እስከ ጉልበቱ መቆረጡን በሁለት መስመር ጻፈ። ሌላ ምንም አላለም።

20 ላይ ነርሷ ወደ ባለባጃጁ ተመለሰች። ስሜት የሌለው እግር ሙቅ ውኃ ውስጥ ማስገባት ሳያውቁ መቀቀል ነው፣ ከሰል ማንደጃ አጠገብ እግር ማሞቅም እንደዚያው አለች። እሱም 21 ላይ አማቱን ጠይቆ ተመልሶ መጣ። አማቱ ስኳር የለባቸውም፣ ድካም ነበር። ይቅርታ ጠየቀ። በዚህ መድረክ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

22 ላይ ነገሩ ተበላሸ። አንድ ሰው ቡና ራሱ አንቲኦክሲደንት ስለሆነ እማዬ ጠዋት ጠዋት ሦስት ሲኒ ብትጠጣ ይበቃታል አለ። እስከዚህ ምንም አልነበረም። ቡና ለዓለም ከሰጠችው ከጅማዋ ጮጬ የተሻለ መድኃኒት የለም ብሎ ሲጨርስ ግን ከቦንጋ የሆነው 23 አላሳለፈውም፣ የቡና አገር የካፋዋ ማንኪራ ናት አለ። 24 ጮጬ ካለችበት ከጎማ ወረዳ ገባ። 25 ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቦንጋ እንደተሠራ አስታወሰ። 26 ሙዚየም የሚሠራው ገንዘብ ባለበት እንጂ ቡና በተገኘበት አይደለም ብሎ መለሰ። ቡና በጨው ይጠጣ ወይስ በስኳር፣ ቡና ቀላ ቅቤው ምን ያህል ይሁን፣ ማን ከማን ሰረቀ። በመሃል የእናቴ እግር ተረሳ። 29 ላይ አስተዳዳሪው እየገላገለ ነበር። እኔ ራሴ አንድ ሁለቴ ገብቻለሁ፣ በየትኛው ወገን እንደነበርኩ አልናገርም።

ወደ ጉዳዩ የመለሰን 30 ነው፣ ቀልደኛ። ይሄ ሊፖይክ አሲድ የሚሉት ከጉበት ነው የሚገኘው፣ ስለዚህ ጉበት ጥብስ ይበቃል አለ። ተማሪው በ31 ታሪኩን አወጣ። በ1951 ሳይንቲስቶቹ መጀመሪያ አንጥረው ሲያወጡት ከ10 ቶን ገደማ የከብት ጉበት ቅሪት ያገኙት 30 ሚሊግራም ብቻ ነው። ዛሬ በፋብሪካ የሚቀመመው ለዚህ ነው። እኔ 32 ላይ ሒሳቡን ሠራሁት። አንድ ባለ 600 እንክብል 200 ቶን ይፈልጋል። የጠርሙሱ 60 ፍሬ ደግሞ 12,000 ቶን። የጅማ ሥጋ ቤት ተሰብስቦ አይችለውም።

ግን ነርሷ 33 ላይ ሳቃችንን አቆመችው። ጉበቱ ለሊፖይክ አይረባም፣ ለቢ 12 ግን ከፊተኞቹ ምግቦች አንዱ ነው። በ1926 ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ማይኖትና መርፊ፣ ገዳይ የነበረውን የደም ማነስ ጉበት በማብላት አዳኑ፣ በ1934 ኖቤል ተሸለሙበት። ጉበቱ ውስጥ የነበረው ቢ 12 እንደሆነ የታወቀው በኋላ ነው። ቀልደኛው በስህተት መንገድ ሄዶ ትክክለኛው ቤት ገባ። እስካሁን ይፎክርበታል።

34 ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰው ነው። መድኃኒቱ እግሩን ሲያደነዝዘው ቫይታሚን ቢ 6 ሰጥተውት ተሻለው። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም መደንዘዝ ቢ 6 ይመክራል፣ ራሱም በየቀኑ ይውጣል። ፋርማሲስቱ በ35 ለስለስ አድርጎ አስጠነቀቀው። የቲቢው መድኃኒት አይሶናያዚድ ቢ 6 ስለሚያሳጣ ለእሱ ትክክል ነበር። ያለ ምክንያት በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ቢ 6 ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ሰውየው ስንት ዓመት እንደዋጠ ቆጥሮ ጠፋ። ደህና ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። 36 የአባቱ መደንዘዝ ከስኳር ሳይሆን ከአረቄ እንደሆነ በአጭሩ ተናገረ።

በዚህ መሃል እማዬን ሐኪም ዘንድ ወስጃታለሁ። ደሟ ለቢ 12 አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ ከሳምንት በላይ ቆየ። ዝቅተኛ ነበር። መርፌ ተጀመረላት። የሦስት ወር አማካይ ስኳሯ 9.4 በመቶ፣ ከፍ ያለ ስለሆነ መድኃኒቷ ተስተካከለ። ለማታው ማቃጠል አሚትሪፕቲሊን፣ ከትንሹ ጀምራ፣ ስትተኛ። እሷ ደግሞ ወንድሜ እንዳይከፋው ብላ የጀርመኑን እንክብልም በጎን ጀምራለች፤ የነገረችኝ ከአሥር ቀን በኋላ ነው።

አሚትሪፕቲሊን ሌላ ጸብ አስነሳ። 37ን የጻፈችው ጎረቤታችን ትመስለኛለች። ወረቀቱን አንብባ የአእምሮ መድኃኒት ለእናትህ ሰጥተዋታል ብላ አስደነገጠችን። እማዬ ሁለት ሌሊት አልወሰደችም። ፋርማሲስቱ በ38 አስረዳ። ለድብርት የሚሰጥ እንደሆነ እውነት ነው፣ ነርቭ ሕመም ላይ ግን በአነስተኛ መጠን ራሱን ችሎ ይሠራል። በ2022 እንግሊዝ አገር 130 የስኳር ሕሙማን ላይ አሚትሪፕቲሊን፣ ዱሎክሴቲንና ፕሪጋባሊን ሲወዳደሩ የሕመም ማስታገስ አቅማቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የእኛው ርካሹ አልተሸነፈም። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሌሊት ስትነሳ እንዳትወድቅ ተጠንቀቁ፣ የልብ ችግር ካለባት ሐኪሟ ይወቅ። እማዬ ሲነበብላት፣ ካበድኩም ተኝቼ ልበድ አለችና ወሰደችው።

39 ስለ ጾሙ መጣ፣ ቁጡ ነው። ነርሷ እናቶቻችንን ጾም ልታስጥል እንደሆነ ጻፈ። ነርሷ እንደዚያ አላለችም። 40 ላይ ራሷም ጿሚ እንደሆነች፣ ያለችው ቢ 12 ይለካ፣ የጎደለው በመርፌ ወይም በክኒን ይሞላ እንደሆነ ደገመችለት። 41 የእስልምና ተከታይ ነው፣ በረመዳን የስኳር መድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ እንደሚያስተካክል ነገረን። ቁጡው ሰውዬ አልተመለሰም። ነርሷ ግን ሌላ ምክር ጨመረች። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ሲወለቅ ነጭ ወፍራም ካልሲ ታድርግ፣ ስትወጣ ካልሲው ላይ ደም እንዳለ ትይ፣ ጫማዋን ከማጥለቋ በፊት ታራግፍ።

ሁለት ወር ቆይቼ 42 ላይ ዜና ጻፍኩ። እማዬ ትተኛለች። ቁስሉ ደርቋል። መደንዘዙ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጣቶቿ የወረደ ይመስለኛል። ፈተናውን ደግመን ከስድስት ሦስት አገኘች። እንክብሉን በሦስተኛው ሳምንት ትታዋለች፣ ያቅለሸልሻት ነበር። መርፌው ነው የሠራው ብዬ ደመደምኩ።

ተማሪው በ43 ያዘኝ። በዚያ ሰሞን መርፌ፣ አሚትሪፕቲሊን፣ የስኳር መድኃኒት ማስተካከያና እንክብል ጀምረህ በምን አውቀህ አንዱን መረጥክ? የሒሳብ መምህር አይደለህ? አራት የማይታወቁ፣ አንድ እኩልታ። ክፍል ውስጥ ተማሪዬ እንዲህ ቢሠራ ዜሮ ነበር የምሰጠው። ስለዚህ አስተካክላለሁ፦ ተሽሏታል፣ በየትኛው እንደሆነ አላውቅም። እንክብሉን ካቆመች በኋላ አልባሰባትም፣ ይሄን ያህል ነው ማለት የምችለው።

44 የአጋሮዋ ልጅ ተመለሰች። አባቷን ቢ 12 ልታስለካ ነው፣ እንክብሉንም አላስቆመቻቸውም። ገንዘባቸው ነው፣ ሐኪማቸውም ያውቃል፣ ምንም አላልኩም። 45 የቦንጋው ነው፣ ስለ ማንኪራ።

46 ትናንት የገባ ነው። የተረፉትን እንክብሎች በስንት ትሸጣለህ ይላል። 22 ፍሬ ነበሩ። እማዬ ለነርሷ ስጥልኝ ብላ ነበር፣ ነርሷ ሳቀች። ፋርማሲስቱ የሚወገዱበትን መንገድ ነግሮኝ ወስጄ ሰጠሁት። ጠርሙሱ ባዶ አይደለም። ኮረሪማ ገብቶበታል፣ አሁንም ቡፌው ላይ ነው፣ ክዳኑ ደህና ይገጥማል።